የንጹሕ ቤቱ ሬሳ

ኢንስፔክተሯ በሩን ገፋ አድርጋ አንድ እግሯን ከማስገባቷ፣ ከኋላዋ የሴት ድምፅ «ጫማ!» ብሎ ጮኸባት።

ዞር አለች። ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አጥብቃ ያሰረች ቀጭን ሴት ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ ቆማለች። የምርምር ጣቢያው የተክል በሽታ ተመራማሪ ነች። ሠራተኛው ሁሉ «ዶክተሯ» ይላታል፤ ሌላ ስም ያላት አይመስልም።

«የመንገድ ጫማ አይገባም። አውልቂና ነጩን ቦት አድርጊ፣ ጋዋን ደርቢ። ከዚያ የመድኃኒቱን ውሃ ረግጠሽ ትገቢያለሽ።»

«እመቤቴ፣ ውስጥ እኮ ሰው ሞቶ ተጋድሟል» አለ ከኢንስፔክተሯ ጋር የመጣው ሃምሳ አለቃ።

«የሞተው እሱ ነው። ዛፎቹ በሕይወት አሉ።»

ሃምሳ አለቃው አለቃውን ቀና ብሎ አየ። ጸብ ሲነሣ ደስ የሚለው ሰው ነው። ኢንስፔክተሯ ግን ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች። ብዙ ሬሳ አይታለች፤ ሬሳ ለማየት ጫማዋን ስታወልቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ቤቱ ከላይ እስከ ታች በድርብርብ ነጭ መረብ የተሠራ ነው። ወለሉ ጠጠር ነው። ብርቱካንና ሎሚ በትልልቅ ዕቃ ተተክለው በረድፍ ቆመዋል። የጣቢያው ሰዎች «እናቶች» ይሏቸዋል፤ ለገበሬው የሚታደለው ጤነኛ ችግኝ ሁሉ የሚራባው ከእነሱ በሚቆረጥ ቅርንጫፍ ነውና። በሽታ እንዳይዛቸው ዝንብ እንኳ አይጠጋቸውም። የቤቱም ስም «ንጹሕ ቤት» ነው።

ዳይሬክተሩ በሁለት ረድፍ መካከል በጀርባው ተዘርግቷል። ነጭ ጋዋን፣ ነጭ ቦት። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። ጎረቤትን በሚያየው በኩል መረቡ ሰው በሚያሾልክ መጠን ተቀዷል፤ ቅዱ ግን በልብስ መቆንጠጫ ጥርቅም ተደርጎ ተያይዟል።

«ከአጥሩ ወዲያ የፍራፍሬ ላኪው ነጋዴ መሬት ነው» አለ ሃምሳ አለቃው። «ቆርጦ ገባ፣ መታው፣ ወጣ። አለቀ ደቀቀ።»

«ቅዱን ማን ቆነጠጠው?»

«ከራሳቸው አንዱ ይሆናላ። እነዚህ ለዝንብ ሲሉ ሬሳ ተሻግረው የሚያልፉ ናቸው።»

ኢንስፔክተሯ ተንበርክካ ጣቷን ከጋዋኑ አንገትጌ ሥር አስገባች። የሸሚዙ አንገትጌ በደም ደርቆ እንደ ካርቶን ሆኗል። በላዩ ያለው የጋዋኑ አንገትጌ ግን ጠብታ የለበትም። ሐሳቡን ለራሷ ያዘችና ተነሣች።

ጸቡ የአደባባይ ጸብ ነበር። መንግሥት የወጪ ንግድን ለመደገፍ ሲል የሕዝብ የሆነውን የምርምር ጣቢያ መሬት ለላኪው ሊሰጥ አስቧል፤ ላኪው ማሸጊያና ማቀዝቀዣ ሊሠራበት። ዳይሬክተሩ በሬዲዮ ሳይቀር «እኔን ቀብራችሁ ነው የምትወስዱት» ብሎ ነበር። አሁን ሠራተኞቹ ዋናው በር ላይ ተሰብስበው ያችኑ ቃል እየደጋገሙ ፖሊሶቹን ይገላምጣሉ።

ሬሳውን ጠዋት ያገኘው የችግኙ ፎርማን ነው። ጎልማሳ ነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ ቀልቷል።

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ገዳዩ ከአጥሩ ወዲያ ብርቱካን እያሸገ ነው።»

«መረቡን የቆነጠጥከው አንተ ነህ?»

«ስደርስ ተቆንጥጦ ነው ያገኘሁት። ማንም ያድርገው፣ እጁ ይባረክ።»

«ወይ ጨዋ ነፍሰ ገዳይ» አለ ሃምሳ አለቃው። «በሩን ዘግቶ ይወጣል።»

ፎርማኑ በጥላቻ አየው። ኢንስፔክተሯ ትናንት ከሰዓት በኋላ ማን የት እንደነበር ጠየቀችው። ሠራተኛው በሙሉ ከእሱ ጋር ታችኛው እርሻ ላይ ነበር፤ ሲመለሱ መሽቷል።

«ዶክተሯስ?»

«እሷን ልትጠረጥሪ ነው?» ፎርማኑ ሊተፋ ምንም አልቀረው። «እሷ ሕመም ቤት ነበረች። የታመሙት ተክሎች ያሉበት፣ ወዲያ ማዶ ያለው ነው። ሕመም ቤት የዋለ ሰው በዚያው ቀን ንጹሕ ቤት አይገባም። ገላውን ካልታጠበ፣ ልብሱን እስከ ውስጥ ሱሪው ካልቀየረ፣ አይገባም። ይህን ሕግ ያወጣችው ራሷ ናት። ሚኒስትር መጥቶ ከበር መልሳዋለች።»

«ተመልሰህ ስትመጣ አየሃት?»

«አየኋት። ከመታጠቢያው በኩል ስትመጣ አገኘኋት፣ ፀጉሯ እርጥብ ነበር። በዚህ ብርድ ጉንፋን ይጥልሻል አልኳት። ቀና ብላም አላየችኝ። ሥራ ሲይዛት እንደዚያ ናት። አሁን ሂጂና ገዳዩን ያዢ።»

ገዳይ የሚባለውስ ተይዞ ነበር። የላኪው የጭነት መኪና ሹፌር በግድያው ዋዜማ በር ላይ ከዳይሬክተሩ ጋር ተጣልቶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «አንድ ቀን እነዳብሃለሁ» ብሎታል። የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ኮማንደሩ ሳይውል ሳያድር አሳሰረው።

ላኪው ማሸጊያው አዳራሽ ውስጥ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጥ ነበር። ሲያያት አልተነሣም።

«ቁጭ በይ እንዳልልሽ ወንበር የለም» አላት። «ይቺን ጠባብ ቦታ እያየሽ ነው፤ መሬት ስለምን እንደምለምን ይግባሽ።»

«ዳይሬክተሩ ሞተዋል።»

«ሰማሁ እንጂ። ስድቡ በአጥሩ ላይ ሲዘንብብኝ ነው ያረፈደው። ስሚኝ፣ እኔ የምልከው ብርቱካን ነው። ሰው ወደ ሰማይ ቤት አልልክም።»

ሃምሳ አለቃው ሊስቅ ብሎ አለቃውን ሲያይ ሳል አስመሰለው።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ወጪ ንግድ ማበረታቻ ቢሮ። ከኃላፊው ጋር። ከሟቹም ጋር።»

ኢንስፔክተሯ ዓይኗን ተከለችበት።

«ምን ታፈጪያለሽ? ፈረመ እኮ! መሬቱን አስረክባለሁ ብሎ ፈረመ። ተጨባብጠን ተለያየን። ከቢሮው ሳልወጣም መሸብኝ፣ ጸሐፊዋን ጠይቂ። መሬት የሰጠኝን ሰው ምን ሆኜ ነው የምገድለው? የሞተው በእኔ ላይ ነው! ጉዳዩ እስኪጣራ ብለው ርክክቡን አገዱብኝ። ፍሬዬ ፀሐይ ላይ እየበሰበሰ ነው።»

እዚያው ቆማ ማበረታቻ ቢሮው ኃላፊ ዘንድ ደወለች። ድምፁ በወተት የታጠበ ይመስላል። አዎን፣ ፈርመዋል። አዎን፣ ላኪው እስኪመሽ አብሮት ነበር። ዳይሬክተሩም ምክትሉ ሆነው ሊሾሙ ነበር።

«በሬዲዮ ያን ሁሉ የተናገሩት ሰውዬ?»

«ሰው ሲበስል ይለወጣል። አገር የሚያድገው በወጪ ንግድ ነው፣ እህቴ፣ በዕቃ በተተከለ ዛፍ አይደለም። ለሠራተኞቼ ነገ ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ እስከዚያ ዝም በሉልኝ ብለውን ነበር። ዝም አልንላቸው።»

መኪና ውስጥ ሲገቡ ሃምሳ አለቃው ራሱን ነቀነቀ። «እነዚያ ደግሞ በር ላይ እንደ ሰማዕት ያለቅሱለታል።»

«አላወቁማ» አለች።

ሹፌሩ ወጣት ነው፣ ወፍራም ድምፅ ያለው። ጠባቡ የምርመራ ክፍል ውስጥ ጉልበቱን እያርገበገበ ጠበቃት።

«እነዳብሃለሁ ብለሃል?»

«ብያለሁ። አፌ ነው። በሩን ቆልፎ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ሲያቆመኝ ምን ልበለው፣ ውዴ? ሹፌር ካልተሳደበ መሪው አይዞርለትም።»

«ትናንት ከሰዓትስ?»

«ወንዝ ዳር መኪናዋን ሳጥብ ነበር። ብቻዬን። የሚመሰክርልኝ ካልሽ እሷን ጠይቂያት፣ ቀይ ናት፣ ፍሬቻዋ የተሰበረ።» ቀልዱ አፉ ላይ ሞተ። «ሰው አልገደልኩም። እናቴ ከእኔ ሌላ የላትም። ይህን ብቻ ጻፊልኝ።»

እናቱ የፖሊስ ጣቢያው በር ላይ፣ የደረጃው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ኢንስፔክተሯ ስትወጣ ተነሥታ መንገዷን ዘጋችባት።

«ልጄን ስጪኝ።»

«እየተጣራ ነው፣ እናቴ።»

«እናቴ አትበይኝ። አንቺን አልወለድኩም።»

ኢንስፔክተሯ ዞራ ወደ ኮማንደሩ ቢሮ ተመለሰች።

«በግል ጸብ የተነሣ ግድያ» አላት ወንበሩ ላይ እየተወዛወዘ። «ሹፌሩ ለራሱ ሲናደድ ገደለ። ላኪው የለበትም፣ ቢሮው የለበትም፣ አንቺም አርፈሽ ትተኛለሽ። ነገ ማታ መዝገቡ ይዘጋል።»

«አላምንም ቢልስ?»

«ያምናል።»

«እንዴት ያውቃሉ?»

«ያምናል አልኩሽ እኮ። ከነገ ማታ በፊት ሌላ ሰው ካመጣሽልኝ አምጪ።»

በማግሥቱ ዓርብ ጠዋት አስከሬን መርማሪው ሐኪም ደወለላት። ሰውየው በዱላ የተመታ አይመስለውም። ወደ ኋላ ወድቆ ሹል የሲሚንቶ ጠርዝ ያገኘው ነው፤ ቁስሉ ውስጥ የሲሚንቶ ትቢያ አለ።

«ንጹሕ ቤት ውስጥ ሲሚንቶ የለም» አለች። «ወለሉ ጠጠር ነው።»

«እንግዲያውስ እዚያ አልወደቀም። ሌላም ልንገርሽ፤ ወዲያው አልሞተም። አንድ ሰዓት ያህል ሳይተነፍስ አልቀረም። የደረሰለት ቢኖር ይተርፍ ነበር።»

የሟች ሚስት የምትኖረው ምርምር ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ለዳይሬክተር በሚሰጠው ቤት ነው። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሴትየዋ ሸሚዞች እያጠፈች ካርቶን ውስጥ ታስገባ ነበር። ቤቱን ልቀቂ መባሏ እንደማይቀር ታውቃለች፤ እስኪነግሯት አልጠበቀችም። ፊቷ ላይ እንባ የለም። ሃምሳ አለቃው «ነፍስ ይማር» ሲላት አጎንብሳ ተቀበለችውና ወደ ሸሚዞቿ ተመለሰች።

«መፈረማቸውን ነግረውዎት ነበር?»

«ነግሮኛል። ከቢሮው ተመልሶ እዚህ በር ላይ ቆሞ፣ ፈረምኩ አለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«ምንም። እንድቆጣው ፈልጎ ነበር። ብቆጣው ይቀለው ነበር።» አንድ እጅጌ አስተካከለች። «ከዚያ፣ ሌላው ነገ ይስማ፣ አንድ ሰው ግን ዛሬ ከእኔ አፍ መስማት አለበት ብሎ ወጣ።»

«ማን ነው?»

«አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው ኖሮ እያልኩ እንዳልቀመጥ ነው ሥራ የያዝኩት።» ካርቶኑን ዘጋች። «ይልቅ ዕቃውን ስትመልሱልኝ ጫማው የለም። ሰዓቱ አለ፣ ቀበቶው አለ። ጫማው የት ገባ?»

«ምን ዓይነት ጫማ ነበር?»

«ቡናማ። ቢሮ መሄጃው ነው። ጠዋት እኔ ቀብቼለት ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ከወንበሯ ተነሣች። ትናንት ጠዋት ንጹሕ ቤት በር ላይ ያለው መደርደሪያ በዓይኗ ዞረ፤ የእሷ፣ የሃምሳ አለቃው፣ የፎርማኑና የዶክተሯ ጫማ ብቻ ነበር። በእግሩ የገባ ሰው ጫማውን በር ላይ ይተዋል። ዳይሬክተሩ በእግሩ አልገባም። ተሸክመው ያስገቡት ደግሞ፣ ሬሳ ጫማውን ሳይቀይር አይገባም ብለዋል።

«ላኪው ቢሆን፣ ሹፌሩ ቢሆን፣ ከነጫማው ጎትቶ ነበር የሚጥለው» አለችው ለሃምሳ አለቃው እየተራመደች። «ለሞተ ሰው ንጹሕ ቦት የሚያጠልቅ ማን ነው? ደም በነካ ሸሚዝ ላይ የታጠበ ጋዋን የሚደርብስ?»

ሃምሳ አለቃው ወደ ሕመም ቤት አቅጣጫ አየና ተከተላት።

ሕመም ቤት ከግቢው ማዶ ብቻውን ቆሟል። እሱም በር ላይ መደርደሪያ አለው። ያገለገሉ ጫማዎች አፍንጫቸውን ወደ ግድግዳ አድርገው ተሰልፈዋል፤ በመካከላቸው አንድ ቡናማ ጥንድ፣ ቀለሙ ገና የሚያበራ፣ እንደ ሌሎቹ አፍንጫውን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል። ሁለት ቀን ሙሉ ስንቱ በፊቱ አልፏል። በር ላይ ጫማ ማየት የለመደ ዓይን፣ የዚህ ቤት ሰው ዓይን፣ ጫማውን ጫማ ብሎ አይቆጥረውም።

ዶክተሯ ውስጥ ነበረች። ጥቁር ቦት አድርጋ ቅጠሉ ቢጫ በሆነ ተክል ላይ አጎንብሳለች። አጠገቧ ጠርዙ ሹል የሆነ የሲሚንቶ ውሃ ማቆሪያ አለ፤ ከሌላው ወለል ይልቅ እሱ አካባቢ በደንብ ታጥቧል። ኢንስፔክተሯ ሳትጠየቅ ጫማዋን ቀይራ ገባች።

«ዳይሬክተሩ የመጣው እዚህ ነው» አለች።

ዶክተሯ ቀና አላለችም። «ማን አለሽ?»

«ጫማው በር ላይ ነው።»

እጇ ቅጠሉ ላይ ቆመ። ወደ በሩ አየች። ከዚያ ሳቀች፤ ደረቅ፣ አጭር ሳቅ።

«ጠዋት ጠዋት እዚያው ጫማዬን ሳወልቅ ነበር።»

«መፈረሙን ነገረሽ። ገፈተርሽው፣ ጠርዙ አገኘው። ከዚያ ሄደሽ ገላሽን ታጠብሽ። መጀመሪያ ደሙን ለማስለቀቅ መስሎኝ ነበር።»

«ደም አልነካኝም።»

«አውቃለሁ። የዚህን ቤት በሽታ ይዘሽ ንጹሕ ቤት ላለመግባት ነው። ለእሱም እንደዚያው ንጹሕ ጋዋን ደረብሽለት፣ ነጭ ቦት አጠለቅሽለት፣ በእጅ ጋሪ ወሰድሽው። መረቡን በላኪው በኩል ቀደድሽ። ነፍሰ ገዳይ ሆነሽም ዝንብ እንዲገባ ልብሽ አልቻለም፣ ቆነጠጥሽው።»

«ስድብ ነው ወይስ ምስጋና?»

«ገላሽን ስትታጠቢ በሕይወት ነበር።»

ዶክተሯ ጓንቷን ጣት በጣት አወለቀች። «አውቃለሁ» አለች። «ሲያቃስት ሰምቼዋለሁ። ሐኪም ጠርቼ ቢነሣ፣ በማግሥቱ ሄዶ መሬቱን ያስረክባቸው ነበር። እንደሞተ ግን በሬዲዮ የተናገረው ሰው ሆኖ ይቀራል። ለእሱም ለእኛም የሚሻለውን መረጥኩለት።»

«ሹፌሩስ?»

«የቱ ሹፌር?»

«በአንቺ ፈንታ የታሰረው። እናቱ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ተቀምጣለች።»

«ብዙ እናት አለ። እኔ የማውቃቸው ከግቢው ማዶ ናቸው፣ በረድፍ። በእነሱ የሚኖር ገበሬ ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ? አታውቂም። አንቺ የምታውቂው የሞተ ሰው ነው።» ቀረበቻት። «እስቲ ልጠይቅሽ። ምርመራው ካለቀ እግዱ ይነሣል። ያ ነጋዴ ነገውኑ ይገባል። ሹፌሩ ከተፈረደበት ግን የላኪው ሰው ነው፣ መሬቱን ለላኪው የሚሰጥ ደፋር አይኖርም። አንቺ ያንን ጫማ አላየሁም ብትይ ማን ይጎዳል? አንድ አፈኛ ሹፌር።»

ኢንስፔክተሯ በመረቡ ውስጥ ወደ ንጹሕ ቤት አየች። ነጭ ነው፣ ጸጥ ያለ። ሴትየዋ ስለ ዛፎቹ አልዋሸችም፤ ይህን ማንም አያስተባብልባትም። ይህም ነው ያናደዳት።

«አንድ ሰዓት ሙሉ እስኪሞት ጠብቀሽዋል» አለች። «ከአንቺ ጋር ሒሳብ አልሠራም። ሃምሳ አለቃ፣ እሰራት።»

ዶክተሯ እጇን ስትሰጥ «አንቺ ነሽ የሸጥሻቸው» አለቻት። «እሱ ፈርሞ አልሆነለትም ነበር። አንቺ ጨረስሽለት።»

ሹፌሩ ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ተለቀቀ። ኢንስፔክተሯ የዶክተሯን ቃል ስትቀበል ስለነበር ሲወጣ አላየችውም።

ሰኞ ጠዋት፣ የርክክቡ እግድ ተነሥቶ፣ ቢጫውን የፖሊስ ሪባን ልታነሣ ምርምር ጣቢያው በር ላይ ደረሰች። ሠራተኞቹ እዚያው ናቸው። አሁን ግን አይጮሁም፤ ዓይናቸውም ወደ ላኪው አጥር ሳይሆን ወደ እሷ ነው። ፎርማኑ ወደ ፊት ወጣ።

«እነሱ በጉልበት ያቃታቸውን አንቺ በብልሃት ሰጠሻቸው» አላት። «ደስ ይበልሽ።»

«ሰው ገድላለች።»

«አልገደለችም አላልኩሽም።» ፊቱን አዞረ።

ሃምሳ አለቃው ሪባኑን እየጠቀለለ ሳለ ቀይ የጭነት መኪና ከዳገቱ ብቅ አለ። የአጥር ብረት ጭኗል። መሪው ላይ ያለው ሹፌሩ ነው። ከተዘጋው በር ፊት አቁሞ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«እንኳን ለቤትህ አበቃህ» አለችው ኢንስፔክተሯ።

ሹፌሩ አፉን ከፈተ። ከፊት ሁለት ጥርስ የለውም፤ ከንፈሩም ገና አልዳነም።

«ዓርብ ነው» አለ፣ ፊደሉ በጎደለው ጥርስ በኩል እያፏጨ። «ምሳ ሰዓት ላይ መጡ። እመን አሉኝ። እኔም ልናገር ነበር። ያልሠራሁትን አምኜ ልፈርም እጄን ስዘረጋ ነው፣ ሌላ ሰው ተይዟል ብለው የተውኝ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሃምሳ አለቃው ዞረች። እሱ ሪባኑን መጠቅለሉን አላቆመም።

«ታውቅ ነበር?»

«ኮማንደሩ ያምናል ሲልዎት እኔም ሰምቻለሁ፣ አለቃ» አለ ዝግ ብሎ። «እርስዎም ሰምተዋል።»

ሠራተኞቹ ያዳምጣሉ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ።

«ክፈቺው እንጂ፣ እህቴ። ካረፈድኩ ደግሞ ላኪው ይቆጣኛል።»

ቁልፉ ያለው በእሷ እጅ ነበር። ሄዳ ሰንሰለቱን ፈታች፣ ሁለቱንም የብረት መዝጊያ አንድ በአንድ ገፍታ ከፈተችለት፣ መኪናዋም በአጠገቧ አልፋ ገባች።